በዘነበወርቅ ሆስፒታል ሰው በምን ይሞት ነበር?



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ሰው። እኛ ዕድርተኞች ግን ከብዙው በሽታ ጋር የምንተዋወቀው ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ወንበርና ድስት ይወጣል፣ ለቀብር ይሄዳል። ከቀብር መልስ ንፍሮው ሲታደል አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ ምን ነበር ያመማቸው?» ይላል። «ኧረ እንዲያው ትንሽ አሟቸው ነበር» ይባልና በዚያው ይቀራል። ጸሐፊያችንም በመዝገቡ ላይ የሟቹን ስም፣ ቀኑንና ለቤተሰቡ የተከፈለውን ገንዘብ ያሰፍራሉ። በምን እንደሞተ የሚጻፍበት ቦታ መዝገባችን የለውም።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የቆሼና የአካባቢው ነዋሪዎች ጠዋት ማታ በአጥሩ ጥግ የምናልፈው ሆስፒታል አለ። ዛሬ «አለርት» ይባላል፤ ትልልቆቻችን ግን አሁንም «ዘነበወርቅ» ነው የሚሉት። በዚያ ግቢ ስለሞቱ ሰዎች ሲወራ ለረጅም ዘመን የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነበር፤ «በደዌው ሞተ» ይባላል። መልሱ ግን ትክክል አልነበረም። የሥጋ ደዌ ብቻውን ሰው የሚገድልበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሕሙማኑን የገደላቸው ደዌውን ተከትሎ የመጣ ሌላ ነገር፣ አብዛኛውንም ጊዜ ቢታሰብበት ኖሮ ሊመለስ ይችል የነበረ ነገር ነው። የሞቱ ምክንያት በስሕተት ስለተጠራም ሟቾቹ ብቻ ሳይሆኑ በሕይወት የቀሩትም ተጎዱ። ይህንኑ ታሪክ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ለአባሎቻችን ማካፈል አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

የሆስፒታሉ አመሠራረት

የሥጋ ደዌ በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። በቀድሞው ጊዜ ሕሙማኑ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ደጅና በየጸበሉ ይሰበሰቡ ነበር። ምጽዋት የሚያገኙትም እዚያው ነው። ሕዝቡ ይመጸውታቸዋል፣ ነገር ግን አብሯቸው አይበላም፤ ያዝንላቸዋል፣ ነገር ግን ልጁን አይድርላቸውም። በሽታው «በዘር ይወርዳል» የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ስለነበር ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ድረስ ይጠየቅ ነበር።

ለነዚህ ሕሙማን በሕክምና መልክ የተሰናዳ ማረፊያ ቀድሞ የተቋቋመው በሐረር ነው። ይኸውም አባ ማሪ በርናር የተባሉ የካፑቺን ሚሲዮናዊ በ1890ዎቹ የመሠረቱት ነው። በአዲስ አበባ ግን ነገሩ የተጀመረው ዘግየት ብሎ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካዊው ሐኪም በዶክተር ቶማስ ላምቢ አማካይነት ነው። ዶክተር ላምቢ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በ1911 ዓ.ም. ገደማ በሱዳን በኩል ሲሆን መጀመሪያ በወለጋ ሠርተዋል። ኋላም በጉለሌ የጆርጅ መታሰቢያ የተባለውን ሆስፒታል አቋቁመዋል። ከዚያም ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ፣ ያን ጊዜ ሜዳና የግጦሽ መሬት በነበረው በኛ ሠፈር፣ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል አሠሩ።

ስሙም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ተሰየመ። ልዕልቲቱ ለትግራዩ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ተድረው ሳለ ገና በወጣትነታቸው ያረፉ ናቸው። እንግዲህ ሠፈራችን ዛሬ የሚጠራበት «ዘነበወርቅ» የሚለው ስም መነሻው በልጅነቷ የተቀጠፈች የአንዲት ሴት መታሰቢያ ነው ማለት ነው።

ቦታው ለምን እዚህ ሆነ ቢባል፣ ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ከከተማው የራቀ ስለነበረ ነው። ያን ጊዜ በዓለም ሁሉ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የሚሠራው ሰው ከማይደርስበት ነበር። በሌሎችም አገሮች ሕሙማኑን ወደ ደሴት ማጋዝ የተለመደ ነበር። የሃዋይ ሕሙማን ወደ ሞሎካይ፣ የደቡብ አፍሪካ ሕሙማን ደግሞ ወደ ሮበን ደሴት ይላኩ እንደነበር ይታወቃል። የኛ ከተማ ባሕር ስለሌለው ሜዳውን ደሴት አደረገው።

በጣልያን አምስት ዓመት

ሆስፒታሉ ገና እግሩን ሳይተክል ጦርነት መጣ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። አገራችን በቅኝ ግዛት ሥር አልዋለችም ብንልም፣ እነዚያ አምስት ዓመታት በሆስፒታሎቻችን ውስጥ የቅኝ ገዥ አስተዳደር የታየባቸው ዓመታት ናቸው። የፋሺስት መንግሥት የውጭ ሚሲዮኖችን ቀስ በቀስ አስወጣ። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽንም በ1930 ዓ.ም. አገሩን ለቆ እስኪወጣ ድረስ ሥራውን እያስረከበ ሄደ፤ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉም በጣልያኖች እጅ ገባ። ጣልያኖቹ ራሳቸው ደግሞ በትግራይ ሰለክለካ ላይ የሥጋ ደዌ መንደር አቋቁመው ነበር።

ያ ዘመን በቆዳ ቀለም ሰው የሚለይበት ዘመን ነበር። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት የዘር ሕጎች ነጩና ጥቁሩ በመኖሪያም፣ በገበያም፣ በሕክምናም እንዲለያዩ ተደረገ። የዛሬው መርካቶ እንኳ የተቋቋመው የአገሩን ሰው ከአራዳ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ለማዛወር በወጣው ዕቅድ እንደሆነ እናውቃለን። የቅኝ ግዛት ሕክምና ዋና ሐሳቡ ወታደሩንና ሠፋሪውን ከበሽታ መጠበቅ ስለነበር፣ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ በዚያ ዓይን ሲታይ የሚታከም ሰው ሳይሆን የሚታጠር ሰው ነው። አገሬው ሕመምተኛውን ቀድሞውኑ በፍርሃት ሲሸሸው ኖሯል፤ በዚያ ላይ የመንግሥት አጥር ሲጨመርበት መገለሉ ሕጋዊ መልክ ያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። ዕድር በአዲስ አበባ ተጠናክሮ የተስፋፋው በዚያው በወረራው ዘመንና ከዚያ በኋላ እንደሆነ የሚናገሩ የታሪክ ሰዎች አሉ። ከየአገሩ ተፈናቅሎ ከተማ የገባ ሰው ዘመድ ስላልነበረው ጎረቤቱን ዘመድ አደረገ። «ስሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ጭንቀት ሰውን አንድ አደረገው። ነገር ግን በዚያው ዘመን፣ በዚያው ከተማ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህ ጭንቀት የነበረበት የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ከዕድሩ ውጭ ቀረ።

ታዲያ በምን ይሞቱ ነበር?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት የሥጋ ደዌ ተሐዋስ በመጀመሪያ የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው። ነርቭ ሲጎዳ የእጅና የእግር ስሜት ይጠፋል። አንዲት እናት እንጀራ ስትጋግር ጣቷ ከትኩስ ምጣድ ላይ ቢያርፍ አይሰማትም፤ የምታውቀው ቆዳው ሲሸት ነው። ገበሬው በባዶ እግሩ ሲሄድ እሾህ ቢወጋው ሳያውቅ ቀኑን ሙሉ ይረግጠዋል። ሌሊት አይጥ የደነዘዘ ጣት ስትቀረጥፍ የተኛው ሰው የማይነቃበትም ጊዜ ነበር። በሕንድ አገር ቬሎር በተባለ ከተማ ይሠሩ የነበሩት እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ዶክተር ፖል ብራንድ በ1940ዎቹ ይህንን በጥንቃቄ አጥንተው፣ የሕሙማኑ ጣት የሚያጥረው ሥጋው በራሱ «ስለሚበሰብስ» ሳይሆን ሕመም የማይሰማው እጅና እግር በየቀኑ ስለሚቆስል እንደሆነ አሳይተዋል። ሕመም ጠባቂ ነው ማለት ነው። እኛ «አያመኝም» ብለን የምንደሰትበት ነገር ለነርሱ የጥፋት መጀመሪያ ነበር።

ታዲያ ከሰልፎን መድኃኒቶች በፊት በነበረው ጊዜ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ሕሙማንን ይገድሉ የነበሩት ነገሮች በዋናነት የሚከተሉት ነበሩ።

አንደኛ፣ ቁስል ነው። የእግር መርገጫ ላይ የወጣ ቁስል ካልተጠበቀ እስከ አጥንት ይዘልቃል። አጥንቱ ይመግላል፣ መርዙ ወደ ደም ይገባል፣ ሰውየው በትኩሳት ይሞታል። ፔኒሲሊን ባልነበረበት ዘመን እግር መቁረጥ እንጂ ሌላ ብዙ መፍትሔ አልነበረም። እንግዲህ ይህ ሰው የሞተው በቁስል ነው። ጫማ ቢኖረው፣ ቁስሉ በየቀኑ ቢታጠብለትና ዕረፍት ቢያገኝ ብዙ ዓመት ሊኖር ይችል ነበር።

ሁለተኛ፣ ኩላሊት ነው። ለዓመታት መግል የሚያወጣ ቁስል ያለበትና ደዌው በየጊዜው የሚያገረሽበት ሰው ኩላሊቱ ቀስ እያለ ይበላሻል። ፊቱና እግሩ ያብጣል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ ይደክማል። ቤተሰቡ «ደዌው ወደ ውስጥ ገባ» ይላል። የገደለው ግን የኩላሊት መድከም ነው።

ሦስተኛ፣ ሳንባ ነው። የሳንባ ነቀርሳ በብዙ አገር የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነበር። ሰዎች በአንድ ክፍል ተጨናንቀው፣ ምግብ አንሷቸው ሲኖሩ አንዱ ያሳለው ለሁሉ ይተርፋል። የሳንባ ምችም እንዲሁ ነው። የአዲስ አበባን የክረምት ብርድ የምናውቅ ሰዎች ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

አራተኛ፣ ጉሮሮ ነው። ይህኛው በርግጥ ከራሱ ከደዌው የሚመጣ ነው። በሽታው በጠናባቸው ሰዎች ላይ ማንቁርት እየጠበበ ሄዶ ትንፋሽ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሐኪሞች አንገትን በስተፊት ቀድደው የመተንፈሻ ቱቦ ያስገቡ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ «በደዌው ሞተ» ቢባል እውነት የሚሆነው ለዚህኛው ነው።

አምስተኛ፣ ተቅማጥና ረኃብ ናቸው። ስለነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም። እጁ የማይሠራለት፣ ሰው የማይቀጥረው፣ ዘመዱ የራቀው ሰው ምን ሊበላ እንደሚችል መገመት ይቻላል። ሰውነቱ የከሳ ሰው ደግሞ ሌላው በሦስት ቀን በሚነሣበት ተቅማጥ ይሞታል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ያልተቆጠረ ገዳይ ነበር፤ እርሱም መዘግየት ነው። ሰውየው በቆዳው ላይ ነጣ ያለ ምልክት ሲያይ ይደብቃል። ጋቢውን ይጠቀልላል፣ ከሰው ዓይን ይሸሻል። ቤተሰቡም ለስሙና ለሴት ልጆቹ ጋብቻ ብሎ ይደብቅለታል። ጸበል ይሞከራል፣ የአገር መድኃኒት ይሞከራል። መደበቅ የማይቻልበት ቀን ሲመጣ ሌሊት ተነሥቶ፣ ከጎጃምም ይሁን ከወሎ፣ ከሸዋም ይሁን ከጉራጌ፣ በእግሩ ወደ ዘነበወርቅ ይጓዛል። ሲደርስም እግሩ ቆስሎ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ ኩላሊቱ ተጎድቶ ነው። ሐኪሙ የሚረከበው አሥር ዓመት የቆየ በሽታ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ሲሞት በሽታው ገደለው ከማለት ፍርሃቱ ገደለው ማለት ይቀላል፤ የፈራው እርሱ ብቻ ሳይሆን የፈራነው እኛ ነን።

ሕክምናውስ ቢሆን? ያን ጊዜ የነበረው ዋና መድኃኒት ከሕንድና ከበርማ የዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ሻልሙግራ የሚባል ዘይት ነበር። ሲጠጣ ያስመልሳል፤ በመርፌ ሲሰጥ የተወጋው ቦታ አብጦ ያቃጥላል። ጥቅሙም አጠራጣሪ ነበር። ብዙ ሕመምተኛ መርፌውን ሽሽት ከሆስፒታል ይጠፋ ነበር ቢባል አያስገርምም።

መዝገብ የያዙ ሰዎች

ስለ መዝገብ በመግቢያችን ያነሣነውን እዚህ ላይ እንመልሰው። በሰሜን አውሮፓ የምትገኘው ኖርዌይ ዛሬ ሀብታም አገር ብትሆንም በ19ኛው መቶ ዓመት የሥጋ ደዌ በድኻው ገበሬዋና ዓሣ አጥማጇ ላይ እጅግ የበረታባት አገር ነበረች። መንግሥቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 አንድ ሥራ ጀመረ። በየአጥቢያው ያለ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ስሙ፣ መኖሪያው፣ በሽታው የጀመረበት ጊዜ፣ ቤተሰቡ፣ ሲሞትም የሞተበት ጊዜ በአንድ መዝገብ እንዲጻፍ አደረገ። በጊዜው ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች ተመዘገቡ። በአገር ደረጃ የሕሙማን መዝገብ በመያዝ በዓለም የመጀመሪያው ይህ ነው ይባላል።

ዶክተር ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን በበርገን ከተማ ሲሠሩ በ1873 የበሽታውን ተሐዋስ በማይክሮስኮፕ አዩ። ነገር ግን ማየታቸው ብቻውን ሰውን አላሳመነም። ብዙ ረድቷቸው የነበረው ያ መዝገብ ነው። በሽታው በዘር የሚወርድ ቢሆን ኖሮ መዝገቡ የሚያሳየው ሌላ ነበር። ሃንሰን ነገሩን ለማጣራት በ1888 እስከ አሜሪካ ድረስ ሄደው፣ ከኖርዌይ የተሰደዱ ሕሙማን ልጆችና የልጅ ልጆች በሽታው እንዳልወረሳቸው መሰከሩ።

ልብ በሉ ወገኖቻችን። «ዘሩ ነው» የተባለው ነገር ሐሰት መሆኑ ከመቶ ዓመት በፊት ታውቋል። እኛ ግን ከዚያ በኋላም ቢሆን ልጅ ስንድር ስንጠይቅ ኖረናል። ደግሞም የሚገርመው፣ የኚሁ ሰው ስም ያለው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው በኖርዌይና በስዊድን ሕፃናት አድን ድርጅቶች ርዳታ እዚሁ አጠገባችን፣ በአለርት ግቢ ውስጥ ነው። በደጁ እናልፋለን፤ ስሙ የማን እንደሆነ ግን ስንቶቻችን ጠይቀናል?

መድኃኒቱ ሲመጣ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 በአሜሪካ ካርቪል በተባለ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ፕሮሚን የተባለ መድኃኒት በርግጥ በሽታውን እንደሚያቆመው ታወቀ። ከዚያ ዳፕሶን የሚባለው በአፍ የሚዋጥ ርካሽ ክኒን መጣ። በ1940ዎቹ በኛም አቆጣጠር ክኒኑ ወደ ኢትዮጵያ ደረሰ። የሻልሙግራ መርፌ ቀረ። ፔኒሲሊንም ስለመጣ የቁስሉ ሞት ቀነሰ።

በ1958 ዓ.ም. የቀድሞው ዘነበወርቅ ሆስፒታል ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል መሠረት ሆነ። «አለርት» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። ዶክተር ፖል ብራንድም ማዕከሉ እንዲቋቋም ካገዙት አንዱ ናቸው። ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ሐኪሞችና አስታማሚዎች እየመጡ እዚህ ተማሩ። ሽባ የሆነ ጣት በቀዶ ሕክምና ሲቃና፣ ለደነዘዘ እግር ልዩ ጫማ ሲሠራ የታየው በኛ ሠፈር ነው።

ሆኖም ነገሩ በዚህ አላበቃም። ዳፕሶን ብቻውን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ፣ በተለይም ሲቆራረጥ፣ ተሐዋሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል። ይህ መላመድ በአዲስ አበባ ምን ያህል እንደተስፋፋ በ1960ዎቹ በአለርት የተደረጉት ጥናቶች ለዓለም ማስጠንቀቂያ ከሆኑት መካከል ናቸው። በዚህም የተነሣ የዓለም የጤና ድርጅት ሁለትና ሦስት መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ መከረ፤ በአገራችንም በ1975 ዓ.ም. ገደማ ተጀመረ። ዛሬ አንድ ሰው እንደ በሽታው ዓይነት ከ6 ወር እስከ 12 ወር ድረስ መድኃኒቱን ያለ ክፍያ ወስዶ ይድናል። መድኃኒቱን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ ለሌላ ሰው አያስተላልፍም። ደግሞም ከመቶው ሰው ዘጠና አምስቱ ያህል በተፈጥሮው በሽታውን የሚቋቋም ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ በአገራችን እስካሁን በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን ይገኛሉ፤ ከነርሱም መካከል አካላቸው ከተጎዳ በኋላ የሚመጡ አሉ። መድኃኒቱ ተገኝቷል፤ መደበቁ ግን አልቀረም።

ቀባሪው ማን ነበር?

የዳነው ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ አገሩ ቢመለስ መሬቱን ወንድሙ ይዞታል፤ ሚስቱ ወይ ባሏ ሌላ አግብተዋል። ስለዚህ ብዙዎቹ እዚሁ ቀሩ። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ። ሽመናና ጥልፍ የተማሩ አሉ፤ ሌሎቹ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ልመና ቆሙ። የድኾች ወዳጅ የሚባለው የጻድቁ የገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ሠፈር መተከሉና ጥቅምት 14 ቀን መከበሩ ያለ ትርጉም አይደለም። ጻድቁ የሠርጉን ቤት ትቶ ከድውያን ጋር የተቆጠረ ነውና ሕሙማኑ የራሳቸው አድርገው ነው የሚያዩት።

ሲሞቱስ? ይህንን ስንጽፍ እናፍራለን። በቀድሞ ጊዜ ብዙ ዕድሮች የሥጋ ደዌ ሕመምተኛን በአባልነት አይቀበሉም ነበር። ደንቡ ላይ አይጻፍም፤ ግን ሲያመለክት «ስብሰባው ያልቅ»፣ «ዳኛው ይምጡ»፣ «ቦታ ሞልቷል» ይባላል። እርሱም ይገባዋልና አይመለስም። በዚህ የተነሣ ሕሙማኑ የራሳቸውን ዕድር አቋቋሙ። ጣት የሌለው እጅ ቃሬዛ ተሸክሞ፣ የቆሰለ እግር እያነከሰ ወደ መቃብር ሸኘ። ጤነኛው ዕድርተኛ አጥሩን ተደግፎ ያይ ነበር። እውነቱን እንናገር ካልን፣ በዕድር ትርጉም ከኛ ይልቅ እነርሱ ነበሩ ዕድርተኞቹ።

ዛሬ በኛ ዕድር ውስጥ የነዚያ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። ድንኳን ይተክላሉ፣ ንፍሮ ይቀቅላሉ፣ በቀብር ጊዜ ፊት ይቀድማሉ። ይህ ያኮራናል። ይሁን እንጂ በጠብ ጊዜ የአባትን በሽታ እያነሡ መስደብ ጨርሶ ጠፍቷል ብንል እንዋሻለን።

የቆሼ ነገር

ከተማው ሕሙማኑን ያስቀመጠበት ሜዳ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቆሻሻው መጣያ ሆነ። ሠፈራችንም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ከተማው ማየት የማይፈልገውን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የመላክ ልማድ ነበረው። ከቆሻሻው ውስጥ ብረትና ፕላስቲክ ለቅመው የሚያድሩ፣ በክምሩ ሥር ቤት የሠሩ ብዙ ድኾች ነበሩ፤ ከነርሱም መካከል በሆስፒታሉ ዙሪያ የቀሩት ሰዎች ልጆች ይገኙ ነበር።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። አገሪቱ ሦስት ቀን ሐዘን ተቀመጠች። ያን ሰሞን ጥሩምባው ያላቋረጠበት ዕድር በአካባቢያችን አልነበረም። ያን ጊዜም በየድንኳኑ «በምን ሞቱ?» ሲባል «ቆሻሻ ተደርምሶባቸው» ነበር መልሱ። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በላይ እየተከመረ የኖረ ነገር በአንድ ምሽት አይደለም የገደላቸው። እንደ ዘነበወርቅ ሕሙማን ሁሉ እነርሱንም የገደላቸው መዘግየት ነው፤ ሰው ሁሉ እያየ ሳይናገር መኖሩ ነው። የሞትን ምክንያት አጥርቶ መጥራት ለሟቹ አይጠቅምም ይባል ይሆናል። ለቀሪው ግን ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ተነሥተን ለጠቅላላ ጉባኤያችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

1ኛ. በዕድራችን መዝገብ ላይ፣ ቤተሰቡ ከፈቀደ ብቻ፣ ሟቹ በምን እንደሞተ የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ይጨመር። ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ደም ብዛት ይሁን ስኳር፣ ነቀርሳ ይሁን ወሊድ፣ በዓመቱ መጨረሻ ስንደምረው ሠፈራችን በምን እንደሚያልቅ እናውቃለን፤ ካወቅንም ጤና ጣቢያው ለሚሰጠው ትምህርት መነሻ እናገኛለን።

2ኛ. ጥሩምባ ከመነፋቱ በፊት ሰው የሚጠይቅ የጠያቂዎች ቡድን ይመረጥ። ዕድራችን የሞተ ለመቅበር እንጂ የታመመ ለመጠየቅ ቀጠሮ የለውም። ቆዳው ላይ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ምልክት ያየ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስለው፣ እግሩ ቆስሎ የማይድንለት ሰው ቢገኝ «ሂድ ታይ» የሚለው፣ ሲፈራም አብሮት የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል። ሆስፒታሉ እንደሆነ ደጃችን ነው።

3ኛ. በስብሰባም ይሁን በጠብ የሰውን በሽታ ወይም የወላጁን በሽታ አንሥቶ የሰደበ አባል እንደማንኛውም የደንብ ጥፋት ይቀጣ።

አባቶቻችን ዕድርን ያቋቋሙት ማንም ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ብለው ነው። በዘነበወርቅ ግቢ የሞቱት ብዙ ሰዎች ግን ቀባሪ ብቻ ሳይሆን የሞታቸውን ምክንያት አጥርቶ የሚጠራላቸው ሰው አጥተው ነው ያለፉት። እኛ ጎረቤቶቻቸው ቢያንስ ይህን ልናደርግላቸው እንችላለን። «በደዌው ሞተ» ሳይሆን በቁስል፣ በኩላሊት፣ በሳንባ፣ በረኃብና በመገለል ሞተ ብለን ለልጆቻችን እንንገር።

ለሞቱት ዕረፍተ ነፍስን፣ ለታመሙት ምሕረትን፣ ለዕድራችንም አንድነትን ይስጥልን። ቸር ይግጠመን።